“ጉንፋን ነው” ያለው ማነው?

ባለፈው እሁድ ጅማ ውስጥ የሰፈራችን እድር ወርሃዊ ስብሰባ ነበረው። ሊቀመንበሩ ስለ ጉንፋን ትንሽ እንድናገር ጠይቀውኝ ነበር። ከድንኳን ኪራይ ሂሳብ በኋላ፣ ቡና ከመቅረቡ በፊት፣ 20 ደቂቃ ተሰጠኝ። አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ያልመጡ ጎረቤቶች “ምን አልክ?” እያሉ ስላስቸገሩኝ ይኸው ጻፍኩት። ከመሃል የተነሱትን ጥያቄዎችም አልተውኳቸውም።

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እንደምን አደራችሁ።

ስገባ ማንንም አልሳምኩም። እማማ ቅር እንዳላቸው አይቻለሁ። ኩራት አይደለም። ከሐሙስ ጀምሮ አፍንጫዬ ይፈሳል። ለዚህ ነው በሩ አጠገብ የተቀመጥኩት። ስለ ጉንፋን ሊያስተምር መጥቶ ጉንፋን አድሎ ሄደ እንዳትሉኝ ነው።

እኛ ለሕመም ስም ለመስጠት እንቸኩላለን። ራስ ካመመን “ምች ነው” እንላለን። ካንቀጠቀጠን “ብርድ መታኝ”። ካሳለን “ጉንፋን ነው”። ስም ከወጣለት በኋላ ማንም አይመረምረውም። እኔ በጤና መኮንንነት በሠራሁባቸው ዓመታት ዘግይተው የመጡ ብዙ ሰዎች አይቻለሁ። “ለምን እስከዛሬ ቆያችሁ?” ስላቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ “ጉንፋን መስሎን።” ታዲያ ጉንፋን ነው ያለው ማነው? ብዙ ጊዜ ጎረቤት ነው። አንዳንዴም፣ አሁን እነግራችኋለሁ፣ እኔው ራሴ ነኝ።

መጀመሪያ ሁለቱን እንለይ። በአማርኛ ጉንፋን በሚለው አንድ ቃል የምንጠራቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ተራው ጉንፋን ነው። ቀስ ብሎ ይገባል። ዛሬ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ነገ ያስነጥሳል፣ ከነገ ወዲያ አፍንጫ ይፈሳል። ሰውየው እየተነጫነጨም ቢሆን ሥራ ይውላል። ሁለተኛው ኢንፍሉዌንዛ ነው፤ ልጆቻችን “ፍሉ” የሚሉት። እሱ ድንገት ነው የሚጥለው። ሰዓቱን ሳይቀር ታስታውሱታላችሁ። አንድ የባጃጅ ሹፌር እንዲህ ብሎኝ ነበር፦ “ከጅማው መርካቶ ሰው ጭኜ ስነሳ ደህና ነበርኩ። ኮቺ ሰፈር ስደርስ መሪውን መያዝ አቃተኝ።” ይሄ ፍሉን ከማንም መምህር በተሻለ ይገልጸዋል። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታት፣ ደረቅ ሳል፣ ዱላ የበሉ ይመስል ወገብና እግር መቆረጣጠም። ከአልጋ ተነስቶ ሽንት ቤት መሄድ ራሱ ተራራ ይሆናል።

ቫይረሱ ከገባ በኋላ ከ1 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ምልክቱ ይጀምራል። ትኩሳቱ አብዛኛውን ጊዜ 3 ወይም 4 ቀን ነው። ሳሉና ድካሙ ግን ሁለት ሳምንት ሊጎትት ይችላል። ሌላው ክፉ ነገሩ፣ ሰውየው መታመሙን ከማወቁ አንድ ቀን በፊት ጀምሮ ያስተላልፋል። ከታመመ በኋላም ከ5 እስከ 7 ቀን። ለቅሶ ቤት፣ ባጃጅ ውስጥ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ታጭቀው የሚማሩ ልጆች ዘንድ ምን ያህል እንደሚመቸው አስቡት።

“ግን እኮ ፍሉ ገዳይ አይደለም” ያሉኝ አባት አሉ። ልክ ናቸው፣ አብዛኛው ሰው ራሱ ይድናል። ግን የኅዳር በሽታ ሲባል ሰምታችኋል አይደል? አያቶቻችን እየፈሩ የሚያነሱት፣ በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አዲስ አበባን ያራቆተው በሽታ ኢንፍሉዌንዛ ነበር። ያኔ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ድነዋል። ኅዳር 12 ቆሻሻ ሰብስቦ የማጠን ልማድ የዚያ ትዝታ ነው። (በነገራችን ላይ ጭሱ ለሚያስል ሰው ደግ አይደለም። ሰፈሩን ማጽዳቱን እንውደደው፣ ጭሱን እንተወው።)

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ልጆቻችሁ ስልክ ላይ “የፍሉ ምልክት” ብለው ቢፈልጉ የሚያገኙት ምክር ይህ ነው፦ ቤት እረፉ፣ ፈሳሽ ጠጡ፣ ካልተሻላችሁ ከሦስት አራት ቀን በኋላ ሐኪም እዩ። ጥሩ ምክር ነው። ግን የጻፈው ሰው ወባ በሌለበት አገር የሚኖር ነው። እኛ የምንኖረው ጅማ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ነን። በኢትዮጵያ ከ2,000 ሜትር በታች ያለ አካባቢ በአብዛኛው ወባ ያውቀዋል። ጎረቤታችን ጊቤ አለ። ረግረግ አለ። ዝናቡማ መቼ ጠፍቶ ያውቃል?

ወባ፣ በኦሮምኛ ቡሳ የምንላት፣ አመጣጧ ቁርጥ ፍሉን ነው። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ፣ ራስ ምታት፣ ቁርጥማት። አንዳንዴ ሳልም ይኖራታል። አፍንጫ መፍሰስና ማስነጠስ ካለ ሚዛኑ ወደ ጉንፋን ያደላል። ግን አንድን ሰው ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሊይዙት ይችላሉ። እኔ በእጄ ነክቼ፣ በዓይኔ አይቼ ልለያቸው አልችልም። ማንም አይችልም። የሚለያቸው የጣት ደም ነው። በፈጣኑ መመርመሪያ 20 ደቂቃ አካባቢ ነው የሚፈጀው። ለቡና ሦስተኛው ሲኒ እስኪደርስ ከምትጠብቁት ያነሰ ነው።

ወቅቱንም ልብ በሉልኝ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ወባ የምትበረታበት ጊዜ ነው። ቡና የሚለቀመውም ያኔ ነው። ሌሊቱ የሚበርደውም ያኔ ነው። ለቀማ የሄደ ልጅ ሜዳ ላይ አድሮ ይመጣና ይንቀጠቀጣል። እናቱ “ብርዱ ነው” ትለዋለች። ጋቢ ታለብሰዋለች፣ ዝንጅብል ታፈላለታለች። አንዱን አውቀዋለሁ። በአራተኛው ቀን ሲያመጡት ስሙን መናገር አቅቶት ነበር። ጭንቅላቱ ላይ የወጣ ወባ ነበር። ተረፈ፣ ተመስገን። ግን እናቱ ምንም ያላደረገች አልነበረችም። ሌት ተቀን አልተኛችም። የጎደላት ያቺ የጣት ደም ብቻ ነበረች።

ስለዚህ ለጅማ ሰው የምሰጠው ምክር ከስልኩ ይለያል። አፍንጫ እየፈሰሰ፣ እያስነጠሰ፣ ትኩሳት ከሌለ ቤት እረፉ፤ እኔ ዘንድ መምጣት አያስፈልግም። ትኩሳት ካለ ግን፣ በብብት ሲለካ 37.5 ከደረሰ፣ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተመርመሩ። ከወባ ነፃ ከሆናችሁ ከዚያ በኋላ በሰላም ተኙ። በተለይ ከቆላ የተመለሰ ሰው አንዲትም ቀን አይጠብቅ።

እዚህ ላይ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። “ትኩሳቱ በፓራሲታሞል ከወረደልኝስ?” አሉ። ፓራሲታሞል ትኩሳቱን ያወርዳል እንጂ ምንጩን አይነካም። የወባውንም ትኩሳት ያወርደዋል። ስለዚህ ወረደ ማለት ጉንፋን ነበር ማለት አይደለም። ደግሞ ልኩን እወቁት። ለአዋቂ ባለ 500 ሚሊ ግራሙ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ ሳይበልጥ። ለልጅ በኪሎው ነው የሚሰላው፣ የልጁን ኪሎ ለፋርማሲስቱ ንገሩት። ብዙ የጉንፋን ክኒኖች ውስጣቸው ፓራሲታሞል አለ። ያንንም ያንንም ስትውጡ ሳታውቁት ልኩን ታልፋላችሁ። ላዩ ላይ አረቄ በማር የሚጨምር ጎረምሳም አለ። ጉበት አንድ ናት፣ ምትክ የላትም። አስፕሪን ደግሞ ለልጆች በፍጹም አትስጡ።

አሁን ስለ ትንፋሽ። ይሄን ክፍል ስናገር ትንሽ ያሳፍረኛል።

ልጄ የዓመት ከአራት ወር ሳለች ነው። የሌሊት ተረኛ ሆኜ አድሬ ጠዋት ቤት ገባሁ። ልጅቷ ሦስት ቀን አስሏታል። ባለቤቴ “እስቲ እያት” አለችኝ። ግንባሯን ነካ አደረግኩና “ጉንፋን ነው፣ ተያት” ብዬ ተኛሁ። ስንት እናት “የልጅሽን ልብስ ግለጪ” ብዬ አስተምሬያለሁ መሰላችሁ! የራሴን ልጅ ልብስ አልገለጥኩም። ከሰዓት አማቴ መጡ። ፊደል ያልቆጠሩ ሴት ናቸው። ልጅቷን አቅፈው ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ሹራቧን ወደ ላይ ሰበሰቡትና “ይሄ ጎኗ ለምንድነው የሚሰረጉደው?” አሉ። ከእንቅልፌ ቀስቅሰው አሳዩኝ። ስትተነፍስ ከጎድን አጥንቷ በታች ያለው ወደ ውስጥ ይገባል። ቆጠርኩ። በደቂቃ 58። ሳንባ ምች ነበር። ሦስት ቀን ኦክስጅን ላይ ሆና ወጣች። ዛሬ አራተኛ ክፍል ናት። አማቴም እስከ ዛሬ “ዶክተሩ” ሲሉኝ እየሳቁ ነው።

ቁጥሮቹን ጻፉ፣ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት። ልጁ ጸጥ ብሎ ሳለ፣ ሳያለቅስ፣ አንድ ሙሉ ደቂቃ ትቆጥራላችሁ። ሆድ አንዴ ከፍ ሲል አንድ ነው። ከ2 ወር በታች ከሆነ 60 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ነው። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ። ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ። ከዚህ ካለፈ ጉንፋን ብላችሁ አትተኙ፣ በዚያው ቀን ውሰዱት። ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ሲተነፍስ ካቃሰተ ባጃጅ ጥሩ፣ ሌሊትም ቢሆን። ጡት መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ የሰጡትን ሁሉ የሚያስመልሰው፣ እንደሚጥል በሽታ ያንቀጠቀጠው፣ ሲጠሩት የማይነቃ ልጅም እንደዚያው ነው። ሽንቱ ከጠዋት እስከ ማታ ከጠፋም ሂዱ። ከ3 ወር በታች ያለ ሕፃን ደግሞ ትኩሳት ካለው ሌላ ምልክት አያስፈልገውም። ትኩሳቱ ብቻውን በቂ ነው።

ለትልቅ ሰውም ትንፋሽ ነው ትልቁ ነገር። ቁጭ ብሎ ሳለ የሚያለከልክ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይቋረጥ መጨረስ ያቃተው፣ ደረቱን የሚወጋው፣ ደም የቀላቀለ አክታ የሚተፋ፣ የሚቃዥ ወይም ሰው መለየት የተሳነው አይጠበቅም። ራሱን ክፉኛ እያመመው አንገቱ ከገተረም ሌላ ነገር ነው፣ የማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል።

“አገረሸበት” የምትለዋን ቃል ደግሞ እወዳታለሁ። ሐኪም ዘንድ ስትመጡ በዚህ ቃል ተጠቀሙ። ፍሉ የያዘው ሰው በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ ጠፍቶ፣ ሾርባ ጠጥቶ፣ በር ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ታዩታላችሁ። በስድስተኛው ቀን እንደገና ይግላል። ሳሉ ወፈር ይላል፣ አክታው ይቀየራል። ሰው “ፀሐይ መትቶት ነው” ይላል። ፀሐይ አይደለም። ፍሉው ያደከመው ሳንባ ውስጥ ሌላ ጀርም ገብቶ ሊሆን ይችላል። ተሽሎት ያገረሸበት ሰው በፍጥነት መታየት አለበት።

ሌላው ሰው የሚጠብቀውን ያህል ጭራሽ መጠበቅ የሌለባቸውም አሉ። እርጉዝ ሴት፣ ከ5 ዓመት በተለይ ከ2 ዓመት በታች ያለ ልጅ፣ 65 ያለፈ ሽማግሌ፣ አስም፣ ስኳር፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት፣ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ። እነዚህ ፍሉ ከመሰላቸው በመጀመሪያው ቀን ይምጡ። ሐኪም ካመነበት የሚያዘው የፍሉ መድኃኒት አለ፤ ኦሴልታሚቪር ይባላል። በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ሲጀመር ነው ይበልጥ የሚረዳው። የስኳር ሕመምተኛ ደግሞ ትኩሳት ሲኖር ስኳሩ ይዘበራረቃል፣ ምግብ አልበላሁም ብሎ መድኃኒቱን በራሱ አያቁም።

ከኋላ አንድ ወጣት “ለምን ዝም ብሎ አሞክሳሲሊን አይወሰድም?” አለ። እሱን ስጠብቅ ነበር። ፍሉም ጉንፋንም ቫይረስ ነው። አሞክሳሲሊን ባክቴሪያ እንጂ ቫይረስ አይነካም። ሰው ግን አምስት ፍሬ ገዝቶ ሁለቱን ውጦ፣ በሦስተኛው ቀን ጉንፋኑ በራሱ ሲለቀው “መድኃኒቱ ሠራ” ይላል። የተረፈውን ለጎረቤት ይሰጣል። እንዲህ እያልን መድኃኒቱን አደንዝዘነው፣ ሳንባ ምች ሲመጣ ይከዳናል። መርፌ ወጉኝ የምትሉኝም አላችሁ። መርፌ ስለሚያም ብቻ አያድንም።

እዚህ ጋ ግን አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ጉሮሮው ክፉኛ የታመመ፣ ትኩሳት ያለው፣ ግን ሳልም ንፍጥም የሌለው ልጅ ከሆነ ጉንፋን ላይሆን ይችላል። የባክቴሪያ ቶንሲል ነው ሊሆን የሚችለው። እሱ በወቅቱ ካልታከመ ቆይቶ ልብ ያበላሻል። በአገራችን በወጣትነታቸው የልብ በር ቀዶ ጥገና የሚጠብቁ ስንት ልጆች በዚህ መንገድ እንደመጡ ብታዩ እንቅልፍ ይነሳችኋል። ለዚህኛው አንቲባዮቲክ ያስፈልጋል፣ ግን ታይቶ፣ ታዝዞ፣ እስከ መጨረሻው ተውጦ። እንጥል ማስቆረጥ ግን መፍትሔ አይደለም። ደም ያፈሳል፣ ቁስሉ ይመረቅዛል። “የድሮ ሰው ያደርገው ነበር” አትበሉኝ። የድሮ ሰው ስንት ልጅ ቀብሯል።

እማማ በመጨረሻ ተነሱ። “ዳማከሴውንስ ልትከለክለን ነው?” አሉ። ሁሉም ሳቀ። አልከለክልም። እኔም አሸትተዋለሁ። ዝንጅብሉ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ አጥሚቱ፣ ትኩስ ሾርባው ደስ ይላል፣ ፈሳሽም ነው። ማርም ሳልን ያለዝባል። ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ማር ጠብታም ቢሆን አይሰጥም፤ ለሱ አንጀት አደገኛ የሆነ ጀርም ሊኖርበት ይችላል። ሕፃን አፍንጫ ውስጥ ምንም ነገር ጨምቃችሁ አታንጠባጥቡ። ቅጠሉ እንዲያዘገያችሁ ብቻ አትፍቀዱለት። ከምርመራው ስትመለሱ እሹት። ጫት ቃሚዎችም እዚህ አላችሁ፣ አውቃችኋለሁ። ጫት ምግብና እንቅልፍ ይከለክላል፣ የታመመ ሰው ደግሞ የሚፈልገው ሁለቱን ነው።

ስለ ከሰልም ልበል። ክረምት ላይ በሽተኛ ይሞቀው ብላችሁ ክፍሉን ዘግታችሁ ከሰል ታስገባላችሁ። የከሰል ጭስ መርዝ ራስ ያሳምማል፣ ያጥወለውላል፣ ያዞራል። ፍሉ ይመስላል። ልዩነቱ፣ ትኩሳት የለውም፣ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ላይ ይታመማል፣ ውጭ ሲወጡም ይሻላል። እንዲህ ካያችሁ ከሰሉን አይደለም መጀመሪያ የምታወጡት፣ ሰዎቹን ነው።

ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ፍሉ ነበር ብላችሁ አትለፉት። አክታ አስመርምሩ። ሳንባ ነቀርሳ ገና አገራችንን አልለቀቀም።

ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ የምትናገሩት ነገር ጊዜ ይቆጥባል። “አሞኛል” ብላችሁ ዝም አትበሉ። ትኩሳቱ የጀመረው በየትኛው ቀን እንደሆነ፣ በቅርቡ ቆላ ሄዳችሁ እንደነበር፣ የዋጣችሁትን ክኒን ሁሉ ንገሩን። ስሙን ካላወቃችሁ ማሸጊያውን ይዛችሁ ኑ። ቅጠልም ከሆነ ንገሩን፣ አንቆጣም። የጤና መድን ደብተራችሁን ደግሞ አሁኑኑ አውጥታችሁ እዩት። ያልታደሰ ካለ ሌሊት ልጅ ታቅፎ ማደስ አይቻልም።

ሊቀመንበሩ ሰዓታቸውን ሦስት ጊዜ አይተዋል፣ ገብቶኛል። አንድ ነገር ብቻ። እማማ፣ ያቺን የልጅ ልጅዎን እዚህ ያምጧት። ተኝታለች፣ በጣም ጥሩ። ስንት ዓመቷ ነው? ሁለት። ልብሷን ትንሽ ከፍ ያድርጉላት። ስልኬን አንድ ደቂቃ ላይ አስተካክላለሁ። ሆዷን እያዩ ይቁጠሩ፣ በፈለጉት ቋንቋ።

እማማ ጎንበስ አሉ። “ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር...” አዳራሹ ጸጥ አለ። ከኋላ ያሉት ሁለት ሴቶችም በሹክሹክታ አብረው ይቆጥሩ ጀመር። ስልኩ ጮኸ።

“ሠላሳ አንድ” አሉ እማማ ቀና ብለው። “ደህና ናት?”

“ደህና ናት።”

“እንግዲያው ቡናው ይቅረብ።”